ሽታ የማያውቁት የሽታ ሊቅ

ዶክተር ትርንጎ ሽንዲ አጠገብ በተወለዱበት ደብር በተቀበሩ ዕለት፣ የኮሌጃችን ዲን ድምፅ ማጉያውን ተቀበለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ዶክተር ትርንጎ የኮሌጃችን መዓዛ ነበሩ» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። በቀብር ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ጨምድጄ ፊቴን አዞርኩ። ከኋላዬ የቆሙ አንዲት የሰፈሩ እናት ሲቃ የያዘኝ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ይብቃህ ወንድምዓለም፣ እሷስ አረፈች» አሉኝ።

መዓዛ! ይህ ሰው በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። «የአይጧ ሴትዮ» ነበር የሚላቸው። ደብዳቤ ሲጽፍላቸው ‹ዶክተር› የምትለዋን ቃል ሁልጊዜ ይረሳታል፤ ሲሞቱ ጊዜ ግን ባነር ላይ ክንድ በሚያህል ፊደል አስጻፋት። ሙት ማክበር ምንኛ ይቀላል! ሙት አይመልስ፣ ስብሰባ አያውክ፣ ሲዋሹበትም አያርም። እሱ ያሞገሳቸውን ሴትዮ እኔ አላውቃቸውም። የማውቃቸውን ልናገር።

የተዋወቅነው ቡሬ ነው። ኬሚስትሪ ላስተምር ተመድቤ ስሄድ ከእሳቸው ጋር አንድ ቢሮ ሰጡኝ። ሌላው መምህር ሁሉ ከእሳቸው ጋር መቀመጥ እምቢ ብሎ እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው ከፊታቸው የሚሰፋ ሴት ነበሩ። ሰው ሲያናግራቸው መነጽራቸውን ያወልቁና በነጠላቸው ጠርዝ እየወለወሉ ያዳምጣሉ። ተናጋሪው ሲጨርስ መልሰው ያጠልቁትና ቅጠል ላይ እንዳገኙት ትል አተኩረው ያዩታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ችሎ የቆመ ጥቂት ነው።

ስለ አንድ ባልደረባችን፣ «ዲግሪውን እንደ ኮት ነው የሚለብሰው፤ ስብሰባው ሲያልቅ ያወልቀዋል» አሉ። ፈተና ወድቃ ቢሯችን መጥታ ያለቀሰችን ተማሪ፣ «እንባሽን ቆጥቢው እንጂ፣ ድጋሚ ፈተናም አለ» ብለው ሸኟት። ክፉ ነበሩ ልበል? አንዳንዴ አዎ፣ ክፉ ነበሩ። ያችን ተማሪ ግን ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎናቸው አስቀምጠው ሲያስጠኗት አይቻለሁ። ሲያስጠኗትም እየሰደቧት ነው።

ከኮሌጁ ጀርባ ጣሪያው የዛገ አሮጌ መጋዘን ነበረ። እሳቸው ወለሉን አስጠርገው፣ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ አስመትተው የአይጥ ቤት አደረጉት። ነጫጭ አይጦች ከአዲስ አበባ አስመጡ። ቡሬ ይህን ስትሰማ የሳቀችው ሳቅ እስከ ፍኖተ ሰላም ተሰማ ማለት ይቻላል። ገበሬው የዓመት ልፋቱን አይጥ ሲበላበት ሲራገም ይኖራል፤ እኒህ ሴትዮ ደግሞ መንግሥት ደመወዝ እየከፈላቸው አይጥ ይቀልባሉ! ባጃጅ ነጂዎቹ ኮሌጁ በር ላይ ሲያወርዷቸው፣ «እማማ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ይሏቸው ነበር። «ደህና ናቸው፤ ካንተ ቀድመው ፊደል ይቆጥራሉ» ይላሉ እሳቸው፣ ዞር ብለው ሳያዩ።

ምን እንደሚሠሩ ጠይቆ የሚያዳምጥ ሰው ግን አልነበረም። እኔም የጠየቅኩት ስለሰለቸኝ ነው። አንድ ቀን ይዘውኝ ገቡ። ጥጥ በጤና አዳም ውሃ ነክረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንጠለጠሉ። አይጧ ሮጣ መጥታ አሸተተች፤ ጢሟ እየተንቀጠቀጠ አሸተተች። ጥጡን አወጡና እንደገና ሰጧት። አሁንም አሸተተች፣ ግን ቶሎ ተወችው። ደግመው ደጋግመው ሲሰጧት ጀርባዋን ሰጥታ ፊቷን ማጠብ ጀመረች። ያን ጊዜ በድምብላል ውሃ የተነከረ ሌላ ጥጥ ሲያስገቡ እንደ አዲስ ተነሥታ ሮጠች።

«አየህ ኬሚስቱ» አሉኝ፤ ስሜን ትተው ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። «ጤና አዳሙ እዚያው ነው። እሷ ናት የተወችው። አፍንጫ አዲስ ነገር ነው የሚፈልግ፤ ያደረውን ይለምደዋል።»

ለዶክትሬታቸው ባህር ማዶ ያጠኑት ይህንኑ ነበር። አንዳንዷ አይጥ ከዘረመሏ ውስጥ አንዲት ነገር ተለውጣ ትወለዳለች፤ በዚያች ለውጥ ምክንያት አፍንጫዋ ሌላ ይሆናል። ይህን ሲያስረዱ የቄስ ልጅነታቸው ይመጣባቸዋል። «ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ በግዕዝ ‹ሠረቀ› ብሎ ሊጽፍ በእሳቱ ‹ሰ› ‹ሰረቀ› ቢል፣ ፀሐይ ወጣች የሚለው ፀሐይ ሰረቀች ይሆናል። የቀረው ገጽ ሁሉ ደህና ነው። የተሳተች አንዲት ፊደል ናት።» እንዲህ ከሆኑት አንዳንዶቹ፣ ሌላዋ አይጥ ከሩቅ የምታውቀውን ሽታ አፍንጫቸው ላይ ካልደፉላቸው አያውቁትም። አንዳንዶቹ ጭራሽ አይሸታቸውም፤ እነዚያ ጡት ፍለጋ እናታቸው ሆድ ላይ ሲዳክሩ፣ ጡቱ አጠገባቸው ሳለ በረሃብ ይሞታሉ። ሌሎቹ ደግሞ መልመድ የሚባል ነገር አልተፈጠረባቸውም። ያንኑ ጥጥ ባመጡላቸው ቁጥር እንደ አዲስ ይደነግጣሉ።

«ከሁሉ የትኛዋ ትሻላለች?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወለወሉ። «አይጥና አይጥ የሚያማርጥ ኬሚስት ዛሬ ገና አየሁ» አሉኝ።

ምስጢራቸውን ያወቅኩት ቢሯችን ውስጥ ነው። የሆነ ፍጥረት ከመደርደሪያው ጀርባ ሞቶ ኖሮ ክፍሉ ሊገባበት የማይቻል ሆነ። እኔ በሩን ከፍቼ ደጅ ደጁን እላለሁ፤ እሳቸው ዴስካቸው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። አይጥ ስለለመዱ ነው ብዬ ታገሥኩ። በመጨረሻ ብሶብኝ፣ «ዶክተር፣ እንዴት ቻሉት?» አልኩ ጮኼ።

ቆሎውን አስቀመጡ። «ምኑን?» አሉ። ፊቴን አዩና ገባቸው። ቀስ ብለው ተነሥተው በሩን ዘጉ። «እኔ ሽታ አላውቅም» አሉኝ። «ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ሲፈጥረኝም አልነበረ። በል መደርደሪያውን እንግፋው።»

የቀረውን የነገሩኝ የሞተውን ድመት ቀብረን ከተመለስን በኋላ ነው።

ገና ልጅ እግር ሳሉ ወምበርማ ውስጥ ለአንድ ደህና ገበሬ ቤት ተዳሩ። የባላቸው እናት ቅቤውን፣ ጠላውን፣ እርሾውን አስረከቧቸው። እሳቸው ሽታ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቁት እኛ ስለ ሩቅ አገር በምናውቀው ዓይነት ነው፤ ሰው ሲያወራው ሰምተዋል። ሰው አፍንጫውን ሲይዝ አብረው ይይዛሉ፤ ሰው «እሰይ፣ እንዴት ያውዳል!» ሲል አብረው ይላሉ። እንዲያ እያሉ የኖሩት እስከ አንድ የጊዮርጊስ ዝክር ድረስ ነው። የተበላሸ ቅቤ ያረፈበት ወጥ በቄሶችና በጎረቤት ሁሉ ፊት አቀረቡ። ቄሶቹ እጃቸውን ሰበሰቡ። አማታቸው ወጡን አነሡት፣ አሸተቱት፣ ከዚያም ሙሽራዋን ከእግር እስከ ራስ አዩና፣ «ይቺ አፍንጫዋ ለጌጥ ነው» አሉ። በማግስቱ በበቅሎ ተጭነው ወደ አባታቸው ቤት ተመለሱ።

አባታቸው ቄስ ነበሩ። ልጃቸው የሆነውን አልቅሰው ሲነግሯቸው፣ «ልጄ፣ እኔም እኮ እንዲያው ነኝ» አሏቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ጽና ይዤ አጠንኩ። ዕጣኑ ምን እንደሚሸት ግን አላውቅም።»

«ታዲያ አባቴ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰው ‹ሸጋ ዕጣን ነው› ሲል እኔም ‹ሸጋ ነው› እላለሁ። ሰው ሁሉ እንዲያው የሚል ይመስለኝ ነበር።»

ይህን ሲነግሩኝ ሳቁ። ያን ሳቃቸውን አልወደድኩትም። «ከባል ቤት የመጣሁት በአንዲት ፊደል ስሕተት ነው» አሉኝ። «እሷን ፊደል ልፈልግ ብዬ ትምህርት ቤት ገባሁ። ስሜን ደግሞ እይልኝ፣ ትርንጎ! እናቴ ትርንጎ ያለችኝ ልጇ ለሰው ስታውድ እንድትኖር ነው። ለእኔ ትርንጎ ማለት ቢጫ ነገር ነው።»

ወደ ኮሚቴው ልምጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ቆዳ የሚያለፋ ፋብሪካ ነበረ። ስሙን አልጠራም፤ ሳልጠራው የሚያውቀው ያውቀዋል። እጣቢውን የሚለቀው ከግርጌው ያለው ቀበሌ ከብት በሚያጠጣበት ወንዝ ነው። ቅሬታ ይዘው ኮሌጁ የመጡት የቀበሌው ሽማግሌ አያ ስንሻው ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው።

«እታለም» አሏቸው ዶክተር ትርንጎን፣ «እኛስ ደህና ነን፣ መድኃኔዓለም ይመስገን። ከብቶቹ ግን የተማሩ ሆኑና ውሃውን አንጠጣም አሉ። የተማረ ያነጋግራቸው ብለን ነው።»

ዶክተር ትርንጎ ሰው ሲያደንቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «አያ፣ እርስዎ እዚህ ማስተማር ነበረብዎት» አሏቸው።

ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ተውጣጥቶ ኮሚቴ ተቋቋመ። ዲኑ ሰብሳቢ ሆነ፤ እሱ ሰብሳቢ ያልሆነበት ነገር ቢኖር ማስተማር ብቻ ነው። ዶክተር ትርንጎ ‹የዘርፉ ባለሙያ› ተብለው ገቡ፣ እኔም ውሃውን እንድመረምር። ቀድቼ የላክሁት የውሃ ናሙና የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በአፍንጫ ላይ ወደቀ።

መኪናው ፋብሪካው በር ላይ ሲቆም የኮሚቴው አባላት በሙሉ አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱ ወደ መኪናው ተመልሶ ሊገባ ምንም አልቀረው። ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ ወደ አዳራሽ አስገባን፤ ጥሬ ሥጋ ተሰቅሏል፣ አረቄ ተደርድሯል። ዶክተር ትርንጎ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጠው ይዘውት የመጡትን የመስታወት ሣጥን ፊታቸው አኖሩ። ውስጡ አንዲት ነጭ አይጥ ነበረች። በጤና አዳም የተነከረ ጥጥ አስገቡላትና እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ማንም ልብ አላላቸውም፤ ሥጋው ላይ ነበር ሁሉም።

ተበላ። ተጠጣ። ስለ እግር ኳስ ተወራ። ዲኑ ከንፈሩን ጠረገና ተነሣ። «እንግዲህ ጓዶች» አለ፣ «እንደምታዩት ሕዝቡ ትንሽ ያጋንናል። እኔ በበኩሌ እዚህ ተቀምጬ የሸተተኝ ነገር የለም። የሸተተው አለ?»

ሰዉ ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ። እውነትም ማንም አልሸተተውም። እኔም አልሸተተኝም፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው።

ዶክተር ትርንጎ ተነሡ። «አይጧን እዩልኝ» አሉ። አይጧ ጥጡን ተንተርሳ ተኝታለች። ጥጡን በመቆንጠጫ አወጡና ዲኑ አፍንጫ ሥር አስጠጉት። «ጤና አዳሙ አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አለ ዲኑ ፈገግ ብሎ።

«እሷ ግን የለም ብላ ተኝታለች። ስትመጡ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ነበር። አሁን ለምዳችሁታል እንጂ የትም አልሄደም። ውጡ፣ ያ ኮረብታ ላይ ውጡና ንጹሕ አየር ሳቡ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ግቡና ንገሩኝ።»

የተነሣ የለም። ሥጋው ገና አላለቀም ነበር። ዲኑ ተቆጣ፤ «እኛን ከአይጥ ጋር ያወዳድሩናል?» አለ።

ዶክተር ትርንጎ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አሉና፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት አይጧን።

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ዲኑ አልሳቀም። ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በዝግታ፣ «ለመሆኑ እርስዎስ፣ ዶክተር? እርስዎ አሁን ይሸትዎታል?» አለ።

ከየት እንደሰማ አላውቅም። በእኛ ኮሌጅ የማይሾልክ ነገር የለም፣ ፈተናም ቢሆን። ዶክተር ትርንጎ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ግን አልወለወሉትም፤ እጃቸው ላይ ይዘውት ቆሙ።

«አይሸተኝም» አሉ። «ከተወለድኩ ጀምሮ ሽታ የሚባል አላውቅም። ስለዚህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አፍንጫው ያልተሸነገለ እኔ ብቻ ነኝ።»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የሽታ ባለሙያዋ አፍንጫ የላትም! አንዱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቀም፤ ለጸሐፊው ማስጻፍ ጀመረ። ሲነበብ እንዲህ ይላል፤ «የዘርፉ ባለሙያ ዶክተር ትርንጎ ምንም ዓይነት ሽታ እንደማይሸታቸው በአንደበታቸው አረጋግጠዋል።» ማዕረጋቸው በዚህ ጊዜ አልተረሳም። እሳቸውም እኔም አንፈርምም አልን። አብላጫው ይበቃል ተባለ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቀበሌው ገባ፤ የአይጧ ሴትዮ አይሸትም ብላ መሰከረች ተባለ። አያ ስንሻው እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ቢሮ አልገቡም፤ ከግቢው በር ቆመው አስጠሯቸው።

«እታለም፣ አይሸተኝም አሉ ብለውን ነው። ብለዋል?»

«ብያለሁ» አሉ ዶክተር ትርንጎ።

አያ ስንሻው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ የከብቶቹ ትምህርት ከእናንተ በለጠ» ብለው ጀርባቸውን ሰጧቸው።

እኔ ተናደድኩ። «ለምን አልነገሯቸውም?» አልኩ። «አፍንጫዬ አይሠራም ማለት ምን ያህል ይከብዳል?»

«አዳራሽ ውስጥ ለሰካራም መናገርማ ቀላል ነው» አሉኝ። «ይህኛው እኮ አገሬ ነው። ያ ቀበሌ አማቴ የተወለዱበት ነው፤ ዝክሩን ዛሬም ያወራሉ። ደግሜ ‹አፍንጫዋ ለጌጥ ነው› ልባል?» ያን ሰሞን ተማሪ እንኳ አልሰደቡም፤ ታመዋል ብዬ ነበር።

አንድ እሑድ ግን፣ «ኬሚስቱ፣ ነጠላህን ልበስ» አሉኝ። በባጃጅ ሄደን የቀረውን በእግራችን ወርደን ቀበሌው ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። ሲያዩን ጀርባ የሰጠን ብዙ ነው። ዶክተር ትርንጎ መካከል ገብተው ቆሙ።

«እኔ የዚያች የዝክሩ ሙሽራ ነኝ» አሉ። «የምታስታውሱኝ አላችሁ። አፍንጫዬ ያኔም አይሠራ፣ ዛሬም አይሠራ። ያባቴም አይሠራም ነበር፤ ቄስ ነበሩ፣ አጥነዋል፣ አጥምቀዋል። አይሸተኝም ያልኩት ለዚህ ነው። ወንዛችሁ አይሸትም አላልኩም። አሁን የሚስቅ ካለ ይሳቅና ይጨርስ፣ የምለው አለኝ።»

ከሴቶቹ ወገን የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አንዲት አሮጊት፣ «እሷው ናት! እሷው!» አሉ። ዶክተር ትርንጎ እስኪያበቃ ቆመው ጠበቁ።

ተነሥተው ሁሉን ዝም ያሰኙት አያ ስንሻው ናቸው። «እታለም፣ ይናገሩ» አሉ።

«ከፍኖተ ሰላም፣ ከዞኑ፣ ሌላ ቡድን ይመጣል ተብሏል» አሉ ዶክተር ትርንጎ። «ፋብሪካው ከገቡ ሥጋ ይበላሉ፣ ይለምዱታል፣ አልሸተተንም ብለው ይሄዳሉ። እንግዳ ተቀባይ ሁኑ። ኮረብታው ላይ፣ ነፋሱ ሽታውን በማያመጣበት፣ ዳስ ጣሉና ደህና አድርጋችሁ አብሏቸው። ሲጠግቡ ወደ ወንዙ አውርዷቸው። እንዳይቀመጡ። ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ መልሷቸው፣ ቶሎ ቶሎ አውርዷቸው።»

አያ ስንሻው ዳሱን ሠርግ የሚደገስበት አስመሰሉት። የቡድኑ መሪ ግራጫ ሱፍ የለበሰ፣ ሆዱ የሚቀድመው ሰው ነበር። በገበሬው አክብሮት ተነክቶ ዶሮውን አጣጣመ፣ መረቀ። ከዚያ አያ ስንሻው ክንዱን ደግፈው፣ «ትንሽ ወረድ ብለን ውሃችንን ያዩልን ጌታዬ» አሉት። ወንዙ ዳር ሲደርስ ሰውየው ያን ሁሉ ዶሮ ሱፉ ላይ መለሰው። አያ ስንሻው ጀርባውን እያሹ ወደ ኮረብታው አወጡት፤ ነፍስ ሲዘራ፣ «ወዲያኛውን ዳር ደግሞ አላዩትም እኮ» አሉት። ሰውየው ሁለተኛ አልወርድም አለ። ፋብሪካው የእጣቢ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ እስኪቆፍር እንዲቆም እዚያው ታዘዘ።

ዶክተር ትርንጎ ይህን ስነግራቸው፣ «ዶሮዋ አሳዘነችኝ» አሉ።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ፋብሪካውም ከከረመ በኋላ ሥራ ጀመረ። ከብቶቹ አሁን ውሃውን ይጠጣሉ። ሰዎቹ ሽታው ጠፍቷል ይላሉ። እኔ በአውቶቡስ ሳልፍ ግን አልፎ አልፎ ይሸተኛል፤ ማን እንደተሳሳተ እንጃ።

ዲኑም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የአይጡ ቤት በሽታ ያመጣል ተባለና፣ ዶክተር ትርንጎ ባልነበሩበት ቀን መርዝ ተነሰነሰበት። ተመልሰው ሲያዩ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አጠቡ፣ ገለበጡ፣ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ዲኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። «ጨርሰሃል?» አሉት። ያን ዓመት ጡረታ ወጡ። በቦታው ዛሬ የተሰበሩ ወንበሮች ተከምረዋል፤ አይጥም ሞልቶበታል፣ የአገሩ አይጥ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተው ነው። ስኳር ነበረባቸው፤ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል ውስጥ ውስጡን ተበላሽቶ ኖሯል። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

«አፍንጫ ያለው ሰው በቶሎ ያውቀው ነበር አሉኝ ሐኪሙ» አሉ ትራሱን እየተደገፉ። «ጎረቤቶቼ አፍንጫ አላቸው። ይመጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይሸታቸዋል፣ ዝም ይላሉ። ጨዋዎች ናቸው። ምን ገደላት ያለህ ሰው ካለ፣ ጨዋነት በለው።»

ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን ነበር። ዲኑ ያመጣው መሆኑን ነገሩኝ። «መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ገባ። ስለ ራሱ ሲያወራ ቆየ፤ ሲቆይ መሐረቡን ኪሱ ከተተው። ምን ያህል እንደሸተትኩ ያወቅኩት ከእሱ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አይጥ ስፈልግ እሱ አጠገቤ ነበር።»

እየሳቅን ሳለ እህታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ከሽንዲ ደረሱ። ሁለቱ ትልልቆቹ በሩ ላይ ቀጥ አሉ፤ አንደኛው በእጁ አፉንና አፍንጫውን ሸፈነ። ትንሿ ግን ሮጣ አልጋው ላይ ወጣች፤ በዚያ በታመመው እግር በኩል ተንጠላጥላ ወጥታ አንገታቸው ሥር ገባች።

ዶክተር ትርንጎ ትንሿን ትክ ብለው አዩ። መነጽራቸውን አልወለወሉም። ብርቱካን አንሥተው ልጣጩን ቀደዱና፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ» አሏት። አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። «ምን ያዝኩ?»

ልጅቱ ጨፍና ጠበቀች። «አልነካሁትም እኮ፣ በምን ልወቀው?» አለች።

በሩ ላይ የቆመው ወንድሟ፣ «ብርቱካን ነው እኮ!» አለ፣ ከዚያ ሆኖ።

እህታቸው አፋቸውን ያዙ። «አባብዬ!» አሉ በለሆሳስ። ሟቹን ቄስ ማለታቸው ነው።

«አዎ፣ ያባታችን ነው» አሉ ዶክተር ትርንጎ። «ለሰው ቤት ከመስጠትሽ በፊት ይነገራት። ነውር አታድርጊባት፤ ይነገራት።»

«ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አሉ እህታቸው፣ እንባቸው እየመጣ።

«አንቺ አትችይም። እኔ እነግራታለሁ። ውጡልን።»

ሁላችንም ወጣን። በሩን ስስበው ልጅቱ ብርቱካኑን እየላጠች ነበር፤ ዶክተር ትርንጎም ፀጉሯን ወደ ኋላ እየመለሱ፣ «ስሚኝ፣ የኔ ሸጋ» ሲሉ ሰማሁ።